ያን ዕለት ያልበሰለው ድንች

ከሚሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ እናት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሙና በቀደም ስትመጣ በከዘራ ደጅ መውጣት ጀምረዋል ብላኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። «አከም ጅርቱ» በይልኝ። ምንም ቢሆን አሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ነበርኩና ሰላምታዬን አይመልሱብኝም ብዬ ነው። እናንተ ጋ ጨፋ ላይ ዝናቡ ጀማምሯል ይላሉ፤ ማሽላችሁ እንዴት ነው? እዚህ አቧራው አልበረደም፣ ባጃጁ ሁሉ ሱቄ በር ላይ እየዞረ ዓይኔን አጥፍቶታል።

እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደኅናስ አይደለሁም። ስልክ አንስቼ ቁጥርሽን ስንቴ እንዳወጣሁት አላህ ያውቃል። ድምፅሽን ብሰማ የማወራው ስለ ሙና ፈተና ብቻ እንደሚሆን ስለማውቅ ተውኩት። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ሰው ፊቱ ሲቀላ አይታይም። ፖስታውን ሙና እንዳታየው በሽቦ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፣ ሌላ ማሸጊያ አጥቼ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የሆነውን ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን ለሰው ሁሉ ያወራሁት ሌላ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ልጻፈው። ረመዳን አሥራ ሰባት ነበር። ታላቄን ሙሀመድኑርንና የባቲውን ነጋዴ አደምን ለኢፍጣር ጠርቼ ነበር። ሙሀመድኑርን ሐኪም ዘይት ከልክሎት ስለነበር፣ ሳምቡሳውን ለኔና ለአደም አድርገሽ ለእሱ ደግሞ እህትሽ ሰሀር ከጅዳ በላከችልሽ፣ ያለ ዘይት በትኩስ አየር በሚጋግረው ኤርፍራየር ድንች ልትጋግሪለት አሰብሽ። ለገዛ ወንድሜ ጤና ብለሽ ማለት ነው። እኔ ይህን ያስተዋልኩት እንኳ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ድንቹ በእርድና በጨው ታሽቶ፣ መልኩ እያማለለ በትሪ ቀረበ። አዛን ሲል በተምር አፈጠርን። ሙሀመድኑር አንዱን ድንች አንስቶ ሲነክሰው ጥርሱ ላይ ቀርች አለ። አደም ሌላውን ነክሶ ሳቀና፣ ወንድሜ፣ እናንተ ቤት የሚጠበሰው ድንጋይ ነው እንዴ አለኝ። ሦስተኛውን እኔ ነከስኩት። እውነትም ጥሬ ነው። ከዚያ በሰው ፊት «ፈትቼሻለሁ» አልኩሽ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አንቺ ትሪውን ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽ። ስታቀራርቢ ቆይተሽ ገና ውሃ እንኳ አልቀመስሽም ነበር፤ ሻሽሽን አስተካክለሽ ወጣሽና ጎረቤታችን ፋጡሜ ቤት ሄደሽ በሰው ቤት በውሃ አፈጠርሽ። ይህን ፋጡሜ ናት በኋላ የነገረችኝ፣ እየነገረችኝም ዞር ብላ ነው የምታወራው። ማታ ተመልሰሽ ዕቃሽን ሸክፈሽ፣ በማግሥቱ በጠዋቱ ሚኒባስ እናትሽ ጋ ሄድሽ። የሰፈራችን ሸህ ሰምተው አስጠርተውኝ፣ ዒዳዋን፣ የሦስት ወር የፍቺ መቆያዋን፣ የምትጨርሰው በቤትህ ነው፣ አንተ ምን ብትሆን ነው የለቀቅሃት ብለው ተቆጡኝ። እሷ ናት የሄደችው አልኳቸው። ስትሄጂ ግን እኔ ጓዳ ገብቼ ሻንጣሽ ሲዘጋ እየሰማሁ ነበር።

ሙና ትምህርቷ እንዳይቋረጥ እኔ ጋ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀጥታ ማድቤት ገባች። እኔም ዝም አልኩ። የዝምታዬን ትርጉም ታውቂዋለሽ፣ ሴት ልጅ አይደለች፣ ወጉ ነው ብዬ ነው። አዛን ሲል ሽሮዋን አቀረበችልኝና እሷ ሳትቀምስ ቁጭ ብላ ፊት ፊቴን ታየኝ ጀመር። ከዚያ፣ አባ፣ ጥሬ ከሆነ እኔንም ትፈታኛለህ? አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ብል ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ከምሯ ነው የጠየቀችኝ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙና ትምህርቷን ታጥና ብዬ ማድቤቱን እኔ ያዝኩት።

መቼም ትስቂ ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ምጣድ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሚሴ ውስጥ እጄ ያልነካው ምድጃ ጥቂት ነው። ሽቦው የት ጋ እንደተቃጠለ በጠረኑ አውቃለሁ፤ በላዩ የሚበስለው ነገር እንዴት እንደሚበስል ግን ጠይቄም አላውቅ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው እንደኔ ላለው ነው። ሽሮ ብሞክር ጓጎለብኝ፣ ሩዝ ብሞክር ገንፎ ሆነብኝ። የቀረኝ ያ ማሽን ነበር። ካስቀመጥሽበት ሳነሳው በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽዋል። ያን ዕለት እንደዚያ ተዋርደሽ እንኳ፣ አጥበሽና ሸፍነሽ ነው ለካ የሄድሽው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ካቻቢቴ፣ ብሎን መፍቻዬን፣ ነው። ድንች ከማጠቤ በፊት ጀርባውን ከፍቼ ማሞቂያ ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ማራገቢያውን ፈተሽኩ። አንድም የተነካ ነገር የለውም። ለሙሀመድኑር ግን ቀደም ብዬ፣ ማሽኑ ብልሽት ነበረበት፣ እሷም ልብ አላለችውም ብዬው ነበር። መልሼ ገጠምኩትና ስለ ብልሽቱ የተናገርኩትን እንደተናገርኩት ተውኩት።

ከዚያ መጋገር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ቅርጫቱን እስካፉ ሞላሁት፤ የላዩ ከሰለ፣ የታችኛው አላበው። በሁለተኛው ቀን አንዱ ድንች ጧ ብሎ ፈነዳና ወጥ ሠሪ ነኝ ባዩ አባቷ በርጩማ ላይ ዘልሎ ወጣ። ሙና ከመጽሐፏ ቀና ብላ፣ እማ መጀመሪያ በሹካ ትወጋው ነበር አለችና መልሳ አቀረቀረች። ወጋሁት። ዘይት በመዳፍ ጠብታ ያህል፣ ጨው፣ ትንሽ እርድ። ሳይደራረብ፣ እየተነፈሰ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን መገልበጥ። ደወሉ ሲጮህ ቶሎ አለማውጣት። ለካ ደወሉ የሚቆጥረው ደቂቃውን ብቻ ነው፣ ውስጡ ይብሰል አይብሰል አያውቅም። ባለሙያ ነኝ የምለው ሰውዬ ይህን ለማወቅ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ መጀመሪያማ ሰው እንዳያየኝ የማድቤቱን መስኮት ዘግቼ ነበር የማበስለው። ፋጡሜ ሽታውን ሰምታ በአጥሩ ላይ፣ ምነው ቤቱ ሴት ገባበት እንዴ ብላ ስትጮህ ሙናን፣ እኔ ነኝ በይ ብዬ በሹክሹክታ ለመንኳት። ሙና ግን ጮክ ብላ፣ አባ ነው የሚጋግረው አለች። አፈርኩ። በማግሥቱ መስኮቱን ከፈትኩት፤ ማፈሬ ግን እዚያው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ከዒድ በኋላ አንድ ከሰዓት ድንቹን ማሽኑ ውስጥ ትቼ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ደንበኛ ምጣድ አምጥታ ነበርና ሰክቼ እሞክርላት ጀመር። ደወሉ ሲጮህ ሙና መጥታ፣ አባ ድንቹ እንደገባ ነው ያለው አለችኝ። ሄጄ ብወጋው ሹካው አልገባም አለ። የሱቁን መብራት ከቤታችን ቆጣሪ የሳብኩት እኔ ነኝ። ለቁጠባ ብዬ በዚያ ቀጭን ሽቦ። ምጣድ ሱቅ ውስጥ ሲሰካ የማድቤቱ መብራት ይደክማል፤ ማሽኑ ይዞራል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ሙቀት ግን የለውም። ረመዳን አሥራ ሰባት ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት ጀምሮ እስከ ማግሪብ ሱቅ ውስጥ ምጣድ ስሞክር ነበር የዋልኩት። አንቺም እርድ በነካው ጣትሽ የሱቁን በር ገፋ አድርገሽ፣ መብራቱ አቅም አጥቶብኛል፣ እባክህ ምጣዱን ለጥቂት ጊዜ ንቀልልኝ ብለሽኝ ነበር። እኔም ደንበኛዋ ፊት፣ አንቺ ድንችሽን ጠብቂ፣ መብራቱን ለባለሙያው ተይው ብዬ መለስኩሽ። ሴትዮዋ ሳቀች። አንቺ በሩን ዘግተሽ ሄድሽ።

ለሸሁ ይህንኑ ስነግራቸው፣ ያን ቀን ሙና ስትጠራኝ ነው የገባኝ አልኳቸው። ይህን ደብዳቤም እንደዚያ ብዬ ልዘጋው ነበር። ቢያንስ ያላወቀ ሰው እመስልሽ ነበር።

ውሸት ነው። ያኔውኑ፣ ድንቹን ስነክሰው አውቄያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ሥራ ነው፣ እንዴት አላውቅም? ጥርሴ ጥሬውን ሲነካ ምጣዱ ዓይኔ ላይ መጣ፣ አንቺም በር ላይ እንደቆምሽ መጣሽ። ቀና ብዬ አየሁሽ፤ አንቺም አየሽኝ። ማወቄን አወቅሽ። አንድ ቃል፣ ምጣዱን ንቀልልኝ ብዬው ነበር ብትይ፣ በእንግዶቼ ፊት ባለሙያው መሳቂያ ነበርኩ። አንቺ ግን ዝም አልሽ። ነውሬን ልትሸፍኚልኝ ዝም ማለትሽን እያየሁ፣ ትናገር ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ከመናገርሽ በፊት እኔ ቀደምኩሽ። የፈታሁሽ ለድንቹ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስለምታውቂ ነው። ይህን ከአላህና ከኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ፤ ወይም ድሮም ታውቂ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እነዚያኑ ሰዎች እዚያው ክፍል ጠራኋቸው። አደም ከባቲ ድረስ ሲመጣ የንግድ ነገር መስሎት ነበር። አሥራ ሁለት ድንች ጋግሬ፣ ራሴ ትሪውን ተሸክሜ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሁለቱም እየተያዩ ፈገግ ይሉ ጀመር። ሳይበሉ፣ ስነክሰው ማወቄን ብቻ አስቀርቼ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ሽቦውም፣ ስለ ምጣዱም፣ በሩ ላይ ስለመለስኩሽም፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ስላልኩት ውሸትም። አደም ያነሳውን ድንች ትሪው ላይ መለሰውና፣ ያን ቀን የቀለድኩት እኔ ነኝ፣ ምላሴን በቆረጠው አለ። ሙሀመድኑር አንዱን ድንች ለሁለት ከፍሎ፣ በደንብ አይቶት፣ በላ። እኔ ዘይት ተከልክዬ እሷ ለኔ ስትለፋ ነው ለካ አለ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ዒዳሽ ማክሰኞ እንደሚያበቃ እናትሽ ለፋጡሜ መልእክት ልከውላት ስለነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሙሀመድኑር ከበላ በኋላ ነገሩን አቅልሎ አየው። አንድ ፍቺ ነው፣ ዒዳዋ እስኪያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶሃል፣ እኔና አደም ምስክር ነን፣ «መልሻታለሁ» በል፣ አለቀ አለኝ። እሷስ ብዬ ብጠይቀው፣ እሷ ምን ትላለች፣ የባልነት መብትህ ነው አለ። ለአንቺ ሽማግሌ ሊልክ ቀን የሚቆጥር ሰው እንዳለም ሰምቶ ነበርና እሱንም ነገረኝ። ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከንፈሬ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ግን ያችን ሌላዋን ቃልም እዚሁ ክፍል፣ እነሱው ፊት፣ ሳልጠይቅሽ ነበር ያልኳት። ስጥልሽ ሳልጠይቅሽ፣ ሳነሳሽም ሳልጠይቅሽ፤ አንቺ ዕቃ ነሽ? አፌን ዘጋሁ። ሙሀመድኑር አብደሃል ብሎኝ ተነስቶ ወጣ።

እሑድ ሸሁን ጠየቅኳቸው። መመለስ ሸሪዓው የሰጠህ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም አሉኝ። የሚያሳፍረው እኔ ነኝ አልኳቸው። እንግዲያው ጊዜው ካለፈ በእሷ ፈቃድ፣ በአዲስ የኒካህ ውልና በአዲስ የመህር ጥሎሽ ካልሆነ በቀር ቤትህ አትገባም፤ እምቢ ካለችህ ሐቋ ነው፣ ይህን አውቀህ ነው ወይ አሉኝ። አውቄ ነው አልኩ።

ማክሰኞ ሱቄን አልከፈትኩም። ሙሀመድኑር አራት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። ማግሪብ አዛን ሲል በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሙና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ምን ሆነህ ነው አፍህን በእጅህ የያዝከው አለችኝ። ጥርሴን አሞኝ ነው አልኳት። አዛኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ ባልሽ አልነበርኩም።

ስለዚህ አሁን የምጽፍልሽ እንደማንኛውም ሰው ነው። ልታገቢኝ ፈቃድሽ ከሆነ በወግ ሽማግሌ እልካለሁ። መህሩንም አንቺው ጥሪው፣ አልከራከርም። ሌላ ሰው ከመረጥሽም አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ቃል ማውጣት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ማሽኑ በየትኛውም መንገድ ያንቺ ነው፣ ሙና በሚኒባስ መሸከም ስለማትችል አደም በመኪናው እስከ ደጃችሁ ያመጣዋል። ሽቦውን ቀይሬዋለሁ። ለማድቤቱ ከቆጣሪው ወፍራም መስመር ለብቻው ስቤለታለሁ፣ የሱቁን ማጥፊያ ደግሞ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ አድርጌዋለሁ። ማድቤት ያለ ሰው መብራት ሲደክምበት እኔን መለመን የለበትም፣ ራሱ ያጠፋኛል። ሙና ሁለት ጊዜ ሥራ ላይ እያለሁ ሆን ብላ አጠፋችብኝ፣ በጨለማ ውስጥ ሳቋን ሰማሁት። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሙና ዓርብ ዓርብ አንቺ ጋ መጥታ ቅዳሜ ስትመለስ ሁልጊዜ ድንች ይዛ ትመጣለች። ከመንገድ ገዛሁት ነው የምትለኝ። እኔ መጀመሪያ አላስተዋልኩም። አሁን ግን ድንች ገዢ ሆኛለሁ፣ ገበያውን አውቄዋለሁ፤ ነጋዴው ትልልቁን ከላይ፣ ትንንሹን ከታች አድርጎ ነው የሚሸጥልሽ። ሙና የምታመጣው ግን እኩል እኩል ነው፣ የማሽኑ ልክ፣ አንድ እንኳ የበቀለ ወይም የተቦረቦረ የለበትም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሚኒባስ እየጠበቀች እንደዚያ አትመርጥም። ማን እንደሚመርጠው ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት የሚቀርብኝ እየመሰለኝ ዝም አልኩ።

ነገ ሙና ይህን ይዛልሽ ትመጣለች። ቅዳሜ ስትመለስ ቦርሳዋን አልቀበላትም፣ ራሷ ትክፈተው። ባዶ ከሆነ ሽማግሌም አልልክም፣ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም፣ ሰላምታዬም አይቋረጥም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። የእናትሽን ዕድሜ ያርዝመው፣ የቤታችሁን በረካ ያብዛው። የዋልሽልኝን ውለታ እኔ መክፈል ስላልቻልኩ አላህ በአኺራ ይክፈልሽ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ገና አልደፈርኩም፤ ስደፍር ፊትሽ ቆሜ እላለሁ፣ ከፈቀድሽልኝ።

ድሮ ለሥራ ራቅ ብዬ ስጽፍልሽ መጨረሻ ላይ ባለቤትሽ እል ነበር። ቃሉን ጽፌ አሁን ሰረዝኩት፤ ስርዙ ይታይሻል።

የልጅሽ አባት

ማስታወሻ፦ ሙና በያዘችው ሳህን ውስጥ ስድስት ድንች አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ እስከ መሀላቸው በሹካ ወግቼ አይቻቸዋለሁ፤ በስለዋል።